የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለመሆን የሚያስብ ተማሪ ዲግሪውን ከየት ይጀምር?

አገር ቤት ክረምት በሚባለው ወራት ጅቡቲ ከተማ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ደጋ ይሸሻል፤ የቀረነው ደግሞ ከቀትር በኋላ መስኮት ዘግተን ከማራገቢያ ሥር እንቀመጣለን። አንድ ቀን በዚህ ሰዓት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። የባካሎሪያ ፈተናዋን ማለፏን ከሰማች ሳምንት አልሞላትም። «መምህር፥ እኔም እንደ እርስዎ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ። የትኛው ኮሌጅ ብገባ ይሻለኛል?» አለችኝ። እናቷ እኔ ሳልመልስ ቀደም ብለው፥ «ምን ማለትሽ ነው ልጄ፥ ኮሌጅማ ከጨረስሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ እኮ!» አሏት።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ልጅቷ ቃሉን የተናገረችው ድሬዳዋ ያሉት የአክስቷ ልጆች በሚጠቀሙበት ትርጉም ነው፤ እናቷ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በኖሩባት በጅቡቲ ትርጉም ሰሙት። በፈረንሳይ ሥርዓት ኮሌጅ ማለት ከአንደኛ ደረጃ ቀጥሎ ያለው የአራት ዓመት መካከለኛ ትምህርት ቤት እንጂ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም አይደለም። በሳቅ አለፍነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በተነጋገርንባቸው ሁለት ሰዓቶች እንደተረዳሁት፥ ልጅቷ ዲግሪዋን ለማቀድ የተቸገረችው በስንፍና ወይም በእንግሊዝኛ ደካማ በመሆኗ ሳይሆን በሁለት የትምህርት ሥርዓቶች መካከል በመቆሟ ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ በየክፍላችን ስለሚገኝ፥ ያን ቀን ለእሷ ያልኋትን ዘርዘር አድርጌ ለባልደረቦቼ መምህራንና ለተማሪዎች ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቃል፥ ሁለት ትርጉም

ከቃላት እንጀምር፤ ማመልከቻ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና። ባካሎሪያ በጅቡቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ነው፤ በኢትዮጵያ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጋር ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ ባችለር የሚባለው ግን የመጀመሪያው ዲግሪ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ ባካሎሪያ ያለውን ልጅ «ዲግሪ ይዟል» ብሎ ለዘመድ የሚጽፍ ቤተሰብ አጋጥሞኛል።

የባችለር እኩያ የሆነው የፈረንሳይኛው ቃል ሊሳንስ ነው። ይህንንም በእንግሊዝኛ ላይሰንስ ብሎ የሚተረጉም ሰው ካለ፥ አዲስ አበባ ላይ መንጃ ፈቃድ ያመጣ ይመስለዋል። ዲፕሎማም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ዲፕሎማ ከዲግሪ በታች ያለ የትምህርት ደረጃ ሲሆን፥ በፈረንሳይኛ ግን ማንኛውም የትምህርት ማስረጃ፥ ዲግሪም ጭምር፥ ዲፕሎም ይባላል። በኢትዮጵያ ቅጽ ላይ «ዲፕሎማ» ብሎ የሞላ ባለ ሊሳንስ ራሱን በገዛ እጁ ዝቅ አድርጓል። ፕሮፌሰር የሚለው ቃል ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርጋል፤ በሊሴ የሚያስተምረው ሁሉ እዚህ ፕሮፌሰር ስለሚባል፥ እኔም አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼን በዚህ ማዕረግ አስቄአቸዋለሁ።

የባቡሩ መስመር አንድ፥ የትምህርቱ ቋንቋ ሁለት

ይህ መደናገር ከየት እንደመጣ ለተማሪዎች መንገሩ አይከፋም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳይኛም አብሮ ተጓዘ። በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1925 በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው። የባቡር ጣቢያው ሹምም፥ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊም፥ የውጭ ጉዳዩ ሰውም ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር። ነገሩ የተለወጠው ጣሊያን በ1941 በእንግሊዝ ጦር ርዳታ ከተባረረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፤ በ1950 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከመነሻው ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው እንግሊዝኛንና ሌሎችንም ትምህርቶች አስተማሩ።

ጅቡቲ ግን በያዘችው ቀጠለች። ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃ ስትወጣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥቱ ቋንቋዎች ሆኑ፤ ሶማልኛና አፋርኛ የቤትና የገበያ ቋንቋ ሆነው ቀሩ፤ ትምህርት ቤቱ በፈረንሳይኛ ያስተምራል። እስከ 2000 ድረስ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ባካሎሪያውን ያለፈ ወጣት ዲግሪ ከፈለገ፥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ፥ መሄድ ነበረበት። በ2000 የዩኒቨርሲቲ ማእከል ተከፈተ፤ እሱም በ2006 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እንግሊዝኛ ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ወደቡን ይመልከት። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በዚህ ስለሆነ የመርከቡም፥ የኮንቴይነሩም፥ የጉምሩኩም ወረቀት በሁለት ቋንቋ መካከል ይመላለሳል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማ ያለው ኢጋድ በእንግሊዝኛ ይሠራል። ከጥር 2018 ጀምሮም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለዚህች ከተማ ጌጥ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ

ለልጅቷ ያቀረብሁላት የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነው የምትማሪው?» የሚል አልነበረም፤ «የት ነው የምታስተምሪው?» የሚል እንጂ። ዲግሪ የሚታቀደው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የተመዘገበ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ደክሞ የማይፈለግበት በር ላይ ሊቆም ይችላል።

የሁለቱ አገሮች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሥራ አንድ አይደለም። በጅቡቲ ሊሴ እንግሊዝኛ ከሌሎቹ ትምህርቶች መካከል አንዱ የውጭ ቋንቋ ነው። ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም በፈረንሳይኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛው ቢበላሽበት የሚጎዳው በዚያው ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ የእንግሊዝኛ አስተማሪው የሌሎቹን አስተማሪዎች ሸክም ጭምር ተሸክሟል። አንድ ልጅ የባዮሎጂ ጥያቄ ሲሳሳት መልሱን ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት፥ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለማስተማር ያሰበ ተማሪ በዲግሪው ውስጥ የንባብና የጽሕፈት ማስተማሪያ ዘዴን ጠንከር አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። በጅቡቲ ለማስተማር ያሰበው ደግሞ ፈረንሳይኛውን መጣል የለበትም፤ የስብሰባው ቃለ ጉባኤም፥ የወላጅ ማስታወቂያውም፥ የመምህራን ክፍል ጨዋታውም በፈረንሳይኛ ነውና።

እናትየው በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ጥያቄ ጠየቁ። «ዜግነቷስ?» አሉ። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅጥር በየትም አገር ከዜግነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፥ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ተማሪ በጅቡቲ ለመቀጠር ምን እንደሚጠየቅ ከሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ዛሬውኑ መረዳት አለበት። የግልና የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ሌላ በር ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

የጅቡቲው መንገድ

ባካሎሪያ ያለው ተማሪ በጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጽሑፍ፥ በቋንቋዎችና በሰብዓዊ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ማጥናት ይችላል። ሊሳንሱ 3 ዓመት ወይም 6 ሴሚስተር ይፈጃል፤ ማስተርስ ለሚፈልግ ሌላ 2 ዓመት ይጨመራል። ለሊሳንስ የሚያስፈልገው 180 ክሬዲት ነው፤ በየሴሚስተሩ 30 ማለት ነው።

ስለዚህ ክሬዲት ጥቂት ልቆይ፤ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚወድቁበት ምክንያት አንዱ ነውና። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል። በዓመት 60 ክሬዲት ስለሆነ ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት መሆኑ ነው። ዓመቱን በ40 ሳምንት ብናካፍለው በሳምንት ከ37 ሰዓት ተኩል እስከ 45 ሰዓት ይደርሳል፤ የአንድ ሙሉ ሠራተኛ ሰዓት ማለት ነው። በክፍል ውስጥ የሚያልፈው ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ተማሪው በቤቱና በቤተ መጻሕፍት የሚሠራው ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱም፥ ጫቱም፥ እንቅልፉም የሚታገሉት ይህንኑ ሰዓት ነው። በጅቡቲ ከተማ በደህና የተመረቁት የማውቃቸው ልጆች ማልደው የሚነሡት ናቸው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለንባብ ያደረጉት።

ይኸው የክሬዲት ቁጥር ከኢትዮጵያው ጋር ሲወዳደርም ያሳስታል። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የክሬዲት ሰዓት በመሠረቱ የሳምንቱን የክፍል ሰዓት የሚቆጥር ነው፤ የተማሪውን የግል ሥራ አይጨምርም። ስለዚህ 180 የያዘው ሊሳንስ አነስ ያለ ቁጥር ከያዘው የኢትዮጵያ ዲግሪ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ መለኪያው ሌላ ነው።

ሊሳንሱ ትምህርቱን እንጂ ሙያውን አይሰጥም። በፈረንሳይ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በፈረንሳይ አገር ራሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆነው ሰው ከዲግሪው ሌላ ከ1950 ጀምሮ ካፔስ የሚባለውን የውድድር ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ሊሳንሱን በያዘ ማግሥት ክፍል የሚሰጡት ይመስለዋል።

የኢትዮጵያው መንገድ

በኢትዮጵያ ሥርዓት የተማረ ልጅ መግቢያው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2022 ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2022 ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ፥ በ2023 3.2 ከመቶ፥ በ2024 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ለእንግሊዝኛ መምህር ግን ሌላም ይነግረዋል፤ ፈተናው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከወደቁት መካከል ቋንቋው የጣላቸው እንደሚኖሩ ከክፍል ልምዳችን መገመት አያስቸግርም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። እንግዲህ ከመግቢያውም ከመውጫውም ፈተና አለ ማለት ነው።

ስለ መምህርነት ሥልጠናው ግን ተማሪዎች ከታላላቆቻቸው የሚሰሙት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ በየጊዜው ተለዋውጧል። እስከ 2003 ድረስ የትምህርት ዲግሪው 4 ዓመት ሲሆን የማስተማር ዘዴው ከትምህርቱ ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ነበር። በ2003 በመጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወደ 3 ዓመት አጠረ፤ ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄደ ልምምድ እንዲያደርግ ተደረገ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ሁለቱ ተለያዩና በመጀመሪያ የ3 ዓመት ዲግሪ፥ ከዚያ የ1 ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ዲግሪው ተመልሶ 4 ዓመት ሆኗል። አጎት በ1990ዎቹ የተማረበት፥ እኅት በ2008 የተማረችበትና ዛሬ የሚመዘገበው ልጅ የሚማርበት አንድ አይደሉም። ምክር የሚሰጠው ዘመድ ሁሉ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ የራሱን ዘመን ነው እንጂ። የሚሻለው፥ በሚመዘገቡበት ዓመት የማስተማር ሙያው በዲግሪው ውስጥ ይሁን ከዲግሪው በኋላ፥ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በጽሑፍ ጠይቆ መያዝ ነው።

የማውቀው አንድ ወጣት ይህን ሳይጠይቅ ቀረ። ከጅቡቲ ወጥቶ በሌላ አገር በእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲግሪ ያዘ፤ ነጥቡም የሚያኮራ ነበር። ሲመለስ ያመለከተበት ትምህርት ቤት የማስተማር ዘዴ፥ የትምህርት ሥነ ልቡናና የክፍል ልምምድ የወሰደበትን ማስረጃ ጠየቀው። አንድም አልነበረውም። «እንግሊዝኛ እችላለሁ እኮ!» ብሎ ተከራከረ። በእርግጥም ይችላል። ነገር ግን መናገር የሚችል ሁሉ ማስተማር አይችልም፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁላችን አማርኛ አስተማሪዎች አይደለንም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባክኖበት ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

በዲግሪው ውስጥ ምን ይያዝ?

ተማሪዎች ስለ እንግሊዝኛ ዲግሪ ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚታያቸው ሰዋስው ብቻ ነው። ሰዋስውማ አለ። ከእሱ ጋር የድምፅ ጥናት፥ የቃላት አመሠራረት፥ የዐረፍተ ነገር አወቃቀር ይመጣል። ለከተማችን መምህር እነዚህ እጅግ የሚጠቅሙ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ወይም አምስት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይገኛልና።

ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። በሶማልኛ፥ በአፋርኛና በዐረብኛ የ«ፕ» ድምፅ ስለሌለ ልጆቹ «ፓርክ»ን «ባርክ» ይሉታል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ «ፕ» አይቸግረውም፤ «ስኩል» ለማለት ግን «እስኩል» ይላል፤ መርከብና በግ ማለት የሆኑት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትም በአንደበቱ አንድ ይሆኑበታል፤ የአናባቢው ማጠርና መርዘም በአማርኛ ትርጉም አይለውጥምና። በጽሕፈትም በአማርኛ ወንበሩም መኪናውም «እሱ» ወይም «እሷ» ስለሚባል በእንግሊዝኛም «ሂ» እና «ሺ» ይበዛበታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ፈረንሳይኛው ይመጣል። ፈረንሳይኛ «16 ዓመት አለኝ» ስለሚል ተማሪው «አይ ሃቭ ሲክስቲን ይርስ» ብሎ ይጽፋል። ትናንት ያየውን ሰው «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ይላል፤ ይህም ፈረንሳይኛ ያለፈውን ጊዜ የሚመሠርተው በአብዛኛው በዚሁ መልክ ስለሆነ ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጽሐፍ መሸጫ አድርጎ ይረዳዋል፤ የፈረንሳይኛው ሊብሬሪ መደብር ነውና። የስሕተቱን ምንጭ የማያውቅ አስተማሪ ቀይ መስመር ብቻ ያሰምራል። ምንጩን የሚያውቀው ግን አንድ ጊዜ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያሳያል፤ ክፍሉም ይስቃል፤ ስሕተቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የጅቡቲ ልጅ ሦስት ወይም አራት ቋንቋ ማወቁን እንደ እንቅፋት ሊያየው አይገባም። ለመምህርነት ያለው ትልቁ ሀብት ይኸው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስም ከዚሁ ቢመርጥ ከማንም የተሻለ ያውቀዋል።

ሥነ ጽሑፉም ከለንደን ብቻ የሚመጣ መሆን የለበትም። በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ሶማሊያዊው ኑሩዲን ፋራህ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው በ1970 ነው፤ የእኛው ዳኛቸው ወርቁም በ1973 በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳትሟል። የአካባቢው ተማሪ የሚያውቀውን ሙቀትና አቧራ፥ የሚያውቀውን ሽማግሌና ባልቴት በእንግሊዝኛ ሲያነብ ቋንቋው ይቀርበዋል።

የማስተማር ልምምድን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲው እስኪልክ መጠበቅ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት የጎረቤት ልጆችን ሦስት አራት ሰብስቦ በሳምንት ሁለት ቀን ማስጠናት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሰዓት በፊት ምን ሊያስተምሩ እንዳሰቡ፥ ከሰዓቱም በኋላ ምን እንደሆነ በደብተር መጻፍ ነው። ባልደረቦቼ መምህራንም እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍላቸው ኋላ ወንበር ተቀምጦ እንዲመለከት ቢፈቅዱለት የሚጎድልባቸው የለም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ለምጄዋለሁ።

ስለ ወረቀት

የቀረው የማስረጃ ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ በኢትዮጵያ እንዲታወቅ እኩያነቱ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይገመገማል። ባካሎሪያ ይዞ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚፈልግም የፈተናው እኩያነት ምን እንደሆነ ከመጓዙ በፊት ማረጋገጥ አለበት፤ ናጋድ ላይ ባቡር ከተሳፈሩ በኋላ አይደለም። የውጤት መግለጫ ብቻ አይበቃም። የእያንዳንዱ ትምህርት ይዘት፥ የሰዓቱ ብዛትና የንባብ ዝርዝሩ በፋኩልቲው ማኅተም ተደርጎበት ይያዝ። ይህንም በየሴሚስተሩ መጨረሻ መውሰድ ይሻላል፤ ከተመረቁ በኋላ አስተማሪው ይቀየራል፥ የትምህርቱ ስም ይለወጣል፥ ፋይሉም ይጠፋል። የልምምድ ሰዓት ካለ የትምህርት ቤቱ ስም፥ የክፍሉ ደረጃና የሰዓቱ ብዛት ለብቻው በደብዳቤ ይጻፍ። ትርጉም ካስፈለገ ሊሳንስ የሚለውን ቃል ተርጓሚው ምን ብሎ እንደጻፈው ራስ ማንበብ ነው።

ልጅቷ የጅቡቲውን መንገድ መረጠች። እናቷ ወረቀቶቿን የምታኖርበት የፕላስቲክ ማኅደር ገዙላት፤ የባካሎሪያዋን ማስረጃ ከነ ፎቶ ኮፒው አስገብተው ራሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። እሷ ደግሞ ባልባላ ሰፈራቸው ውስጥ አራት ልጆች ይዛ ማስጠናት ጀምራለች። ባለፈው ሐሙስ ማታ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ፤ «ዛሬ ስለ ያለፈ ጊዜ አስተማርሁ፥ ሁለቱ ገባቸው፥ ሁለቱ አልገባቸውም» ብላ ጽፋለች። ያልገባቸው ሁለቱ የትኞቹ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደሆኑ ጠየቅኋት። ወደ ኋላ ገልጣ ማየት ጀመረች።